የአርብ ቃላት

ዘይቡ የባሏን ኮት ውኃ ውስጥ ከመንከሯ በፊት ኪሱን ስትፈትሽ በአራት የታጠፈች ወረቀት አገኘች። ዘርግታ አየቻት፤ እንግሊዝኛ ናት። ወደ ቤት ዞራ ልጇን ተጣራች።

«ሩፈይዳ! አባትሽ መቼ ነው ሐኪም ቤት የሄደው?»

«አባ? የት ሄደና!»

«ታዲያ ይቺ የመድኃኒት ወረቀት ምንድን ናት? ደብቆኝ ነው! ኮቱ ሲሰፋው አይቼ ጠርጥሬ ነበር እኮ።»

ሩፈይዳ ወረቀቷን አየችና እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «የኔ ናት እማ። የማጠናት ቃል ናት።»

«የጥናት ወረቀት ሰው ኪስ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«እንዲህ ካላደረግኩ አይያዝልኝም።»

«አልሐምዱሊላህ! ልቤን ቀጥ አደረግሽው። ነገውኑ ሐኪም ቤት ልጎትተው ነበር።» ዘይቡ ኮቱን ነከረችው፤ ስለ ሐኪም ቤትም ደግማ አላነሳችም።

ብልሃቱን ያስተማረቻት ሰናይት ናት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አንድ መኝታ ክፍል የተጋሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሩፈይዳ ተመርቃ እዚያው ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወላጆቿ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመት ሞላት። ሥራ የለም። ተስፋዋ ሁሉ በዓመት አንዴ በሚሰጥ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ላይ ነው፤ ለዚያም ጥር መጨረሻ አዲስ አበባ ሄዳ በከባድ ቃላት የተሞላ የእንግሊዝኛ ፈተና መፈተን አለባት።

«ቃሉን የምታውቂው ሰው ላይ ለጥፊው» ብላት ነበር ሰናይት። «ከዚያ እስኪያስቅሽ ድረስ ሰውየውን በሐሳብሽ አጋንኚው። ወረቀቷን የሰውየው ዕቃ ውስጥ ሸጉጪ። ደብተርሽ ላይ ደግሞ ቀኑን ጻፊ፤ በሳምንቱ መከለስ አለብሽ።»

ለፍላፊ ማለት የሆነው «ጋሩለስ» ጎረቤታቸው ዙቤይዳ ላይ ተለጠፈ፤ በሩፈይዳ ሐሳብ ዙቤይዳ ሰው ስታጣ ለበሩ ታወራለች። ግድ የለሽ ማለት የሆነው «ረክለስ» የመንደራ ቆጪ ሰፈሩ ባለ ባጃጅ ሆነ፤ በቤቶች ጣሪያ ላይ ይነዳል። አብዛኛው ቃል ግን የደረሰው አባቷን ነው። ሀቢቡላህ አጋሮ ከተማ አንድ ቡና መቀሸሪያ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል፤ ሳምንቱን እዚያው አድሮ አርብ ረፋድ ለጁምዓ ይመጣል። በሳምንት አንዴ የሚታይ ሰው ለቃል ይመቻል፤ በመጣ ቁጥር አዲስ ነገር አይጠፋበትም።

ኅዳር 13 «ጎንት»፣ ጉንጩ የጎደጎደ፤ እናቷ ኪስ ውስጥ ያገኘቻት ወረቀት። ሩፈይዳ አጋንና ጉንጩና ጉንጩ ላይ ሁለት ስኒ አስቀመጠችበት። ታኅሣሥ 11 «ፓሊድ»፣ የገረጣ፤ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ አስደግፋ እንዳይታይ አደረገችው። ጥር 9 «ሌታርጂክ»፣ የዛለ፤ በሐሳቧ ሰላምታውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው።

እሱ ጨዋታውን ወዶታል። ልጁ በሱ ስለምትማር ኩራት ይሰማዋል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አደረግሽኝ?» ይላታል፣ በሩን ይዞ ትንፋሹን እየሰበሰበ።

«ብርቱ።»

«በእንግሊዝኛ?»

«በእንግሊዝኛ ነዋ።»

«እስቲ ለአለቃዬ ንገሪልኝ! ከጆንያ አንስቶ ገለባ ጠራጊ አድርጎኛል።»

ይስቃሉ። እሷም ቀኑን ትጽፋለች።

ጥር 23 ቀን፣ ለፈተናው ስድስት ቀን ሲቀር፣ የቀራት ቃል «ኢማሺዬትድ» ነበር፤ ሥጋው አልቆ አጥንቱ የቀረ። አባቷ ከመስጊድ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ጋደም ብሏል። ደብተሯን ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ልታጋንን ፈለገችና ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ አራት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሰበች። ቀና ብላ ስታይ አራቱም አሉ። የእጁን አንጓ በሐሳቧ ልታቀጥን ሞከረች። ከዚያ በላይ የሚቀጥን ነገር አላገኘችም።

«አባ፣ ያምሃል እንዴ?»

«ፈተናሽ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ይለፍ እንግዲህ። እናትሽን ታውቂያት የለ፣ ቤቱን ነው የምታተራምሰው።»

ሩፈይዳ ተነስታ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሄደች። ብትናገር እናቷ ዛሬውኑ ይዛው እንደምትወጣ፣ እሷም ትታቸው አዲስ አበባ እንደማትሄድ ታውቃለች። ዘይቡ ድስት እያጠበች ቀና አለች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ውኃ።»

ጠጥታ ተመለሰች። ወረቀቷን አጣጥፋ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተችለት።

ሐሙስ ተፈተነች። ከአባቷ ቃላት ሁለቱ ፈተናው ላይ መጡ፤ ሁለቱንም አላጣቻቸውም።

ቅዳሜ ጅማ ስትደርስ ቤቱ ተቆልፏል። ዙቤይዳ አንድም ነገር ሳታስረዝም «ሐኪም ቤት ናቸው» አለቻት። አርብ ዕለት የአባቷ የሥራ ባልደረቦች ከአጋሮ በሚኒባስ ደግፈው አምጥተውታል።

አልጋውን ሐኪሙና ተማሪዎቹ ከበውታል። አንዱ ተማሪ በእንግሊዝኛ ከወረቀት ያነባል። ኢማሺዬትድ፣ አለ። ፓሊድ፣ አለ። ሌታርጂክ። ቃላቱ ለሩፈይዳ ከነስኒዎቹ፣ ከነኖራው መጡባት።

«ምን አሉ፣ ኢንተላ ኮ?» አለ አባቷ።

ብርቱ ልትለው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ትከሻው ድረስ ሳበችለት።

ሐኪሙ ወደ ዘይቡ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ሳምንትም አይሆነው ልጄ። ባለፈው አርብ ደህና ነበር፣ ወላሂ።»

ሩፈይዳ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ቀስ ባለ ድምፅ «ከኅዳር 13» አለች፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቀን ከነቃሉ አነበበች።

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

ዘይቡ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። «ያቺ ወረቀት…» አለችና ተወችው።

ሐኪሙ ቀኖቹን ካርዱ ላይ ገለበጠ። ሀቢቡላህ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። የፈተናው ውጤት ከቀብሩ በኋላ በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ሩፈይዳ አልፋለች።