ጎሪስ ያልዘለለበት ቀን

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁላችንም ጻድቃን ነን። እኔን ራሴን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ከመዘምራኑ ጋር ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስዘምር ያየኝ ሰው “ይህ ካኒስዮስ የተባረከ ነው” ማለቱ አይቀርም። ሰኞ ጀልባ ላይ ያገኘኝ ግን ሌላ ይላል። የኛ መንደር ሰው ማንነቱ የሚታወቀው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ባሕር ላይ ነው።

እኛ ሌምባታ ደሴት ላይ የምንኖረው በዓሣ ነባሪ ነው። መሬታችን ድንጋይ ስለሆነ ምንም አያበቅልም። ሴቶቻችን የደረቀውን ሥጋ ተሸክመው ተራራ ይወጡና በበቆሎ ይለውጡታል። ባል የሞተባት ሴትም አባት የሌለው ልጅም ከያንዳንዱ ዓሣ ነባሪ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ አንዲት ጀልባ ባሕር የምትወጣው ለመላው መንደር ነው። ሸራው ሲነሣ ባርኔጣችንን አውልቀን አባታችን ሆይን እንደግማለን፤ ቂም ይዞ የሚሳፈርም የለም። ከሚስቱ ጋር የተኮራረፈ ሰው እንኳ መጀመሪያ ታርቆ ነው የሚመጣው። ቂም ባለበት ጀልባ ላይ ጦሩ አይሰካም፤ ይህን ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው።

የኛ ጀልባ ጦረኛ ጎሪስ ነው። ከፊት ከተዘረጋው የቀርከሃ መቆሚያ ላይ ተነሥቶ፣ ጦሩን እንደያዘ በሙሉ ክብደቱ ዓሣ ነባሪው ጀርባ ላይ የሚዘለው እሱ ነው። ከኋላ ሆኖ ጀልባዋን የሚመራው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ሲልቬስተር ነው። እኔ ሥራዬ የሚገባውን ውኃ እየጨለፉ መድፋት ስለሆነ የምቀመጠው ከሲልቬስተር እግር ሥር ነው።

ባለፈው ዓመት የሲልቬስተር አንድያ ልጅ ዳሚያን ከኛ ጋር ይቀዝፍ ነበር። ሲልቬስተር “ቆይ! ገመዱ አልተስተካከለም!” ብሎ እየጮኸ ጎሪስ ዘለለ። ዓሣ ነባሪው ወደ ታች ሲጠልቅ ገመዱ የልጁን እግር ጠልፎ ይዞት ሄደ። ሬሳው አልተገኘም። እንደ ልማዳችን በሬሳው ፈንታ የባሕር ዛጎል በሬሳ ሣጥን ውስጥ አስተኝተን ቀበርን። እናቱ ሮዛሊና ያን ቀን የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጎሪስ “ማዕበሉ ጮኾ ነበር፤ ወንድሜ ቆይ ሲለኝ አልሰማሁም” ብሎ ለቄሱም ለመንደሩም ተናገረ። ሁሉም አመነው። ሲልቬስተር እጁን ጨበጠው፤ ሁለቱ ታረቁ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ዓሣ ነባሪ አልያዝንም። ሌሎቹ ጀልባዎች አልፎ አልፎ ሲቀናቸው የኛ ጦር ይስታል፣ ይነቀላል። እናም ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። ቀዛፊው ብሩኖ አፉ አያርፍም፤ “እኔ ሚስቴን በየማለዳው ይቅርታ እጠይቃታለሁ” አለን አንድ ቀን። “ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ትምረኛለች። ኋላ ያላወቅኩት ስንት ጥፋት አለህ ብላ ልታባርረኝ ነው!”

እኔ ግን ምክንያቱን አውቅ ነበር። ሲልቬስተር በየቀኑ ከኛ ጋር ጸሎቱን ይጀምራል፤ “የበደሉንን ይቅር እንደምንል” የምትለው ጋ ሲደርስ አፉ ይዘጋል። ያቺን አልፎ እንደገና ከኛ ጋር ይቀጥላል። እሑድ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ማን ይሰማዋል? እዚህ ግን ከእግሩ ሥር ተቀምጬ የማደርገው ጠፋኝ። ልጁን ባሕር የበላበትን ሰው ምን ብዬ ልናገረው? ዝም ብዬ ውኃዬን እጨልፋለሁ።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት አንድ ዓሣ ነባሪ ከፊታችን ብቅ አለ። ስንት ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም። ጀርባው እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ረዥም ነው። አጠገባችን መጥቶ ተንጋለለና ሲተነፍስ እንፋሎቱ ፊታችንን አረጠበው። ዓይኑ እኛን ያያል። እግዚአብሔር ይህን ሲፈጥር ምን እያሰበ ነበር አልኩ በልቤ። የመንደሩ በቆሎ፣ የባልቴቶቹ ድርሻ፣ የዓመቱ ረሃብ ማብቂያ፣ ሁሉም ያው ክንድ ርቀት ላይ ተኝቷል።

ጎሪስ ጦሩን አነሣ። ጠበቅን። አልዘለለም።

“ዝለል እንጂ!” አለ ብሩኖ በሹክሹክታ። “ምን ትጠብቃለህ፣ ጳጳሱ እስኪመጡ ነው?”

ጎሪስ ጦሩን አስቀመጠ። ከዚያ በሕይወቴ ያላየሁትን አደረገ፤ ለዓሣ ነባሪው ጀርባውን ሰጥቶ ወደኛ ዞረ።

“ጋሼ” አለ ወንድሙን። “ጸሎቱን አልጨረስክም።”

ሲልቬስተር ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ።

“ድምፅህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በየቀኑ እዚያች ጋ ስትደርስ ትጠፋብኛለህ። እውነትህን ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ቆይ ስትለኝ ሰምቼሃለሁ፤ ጥርት አድርጌ ሰምቼሃለሁ። ዓሣ ነባሪው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው የዘለልኩት። ዳሚያንን የገደልኩት እኔ ነኝ።”

የሚሰማው የዓሣ ነባሪው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ብሩኖ እንኳ አፉን በእጁ ይዟል።

“መስማትህን አውቅ ነበር” አለ ሲልቬስተር በመጨረሻ። “ያኔውኑ ወደኔ ዞረህ አይተኸኛል። ዓመት ሙሉ ከዓይኔ ያልጠፋው እሱ ነው፤ አይተኸኝ ዘለልክ።”

“አዎ፣ አይቼሃለሁ።”

“ታዲያ አሁን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?”

“ምንም። ይቅር አትበለኝ ከፈለግክ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እኔን እየሸፈንክ እግዚአብሔርን አትዋሸው። ውሸታሙ እኔ ነኝ፤ መንደሩም ይወቀው።”

ሲልቬስተር ጀልባዋን የሚመራበትን መቅዘፊያ ለኔ ሰጠኝ። ባሕር ላይ ለሰው ሲሰጠው አይቼ አላውቅም። በቀዛፊዎቹ መሀል እየተራመደ ወደ ፊት ሄደ። ሊገድለው ነው አልኩ። ጎሪስም እንደዚያ ሳያስብ አልቀረም፤ እጆቹን ለቅቆ ቆመ።

ሲልቬስተር የወንድሙን ማጅራት ያዘና ግንባሩን ከግንባሩ ጋር አጋጠመ። “ልጄን አትመልስልኝም” አለው። “አንጀቴ እያረረ ነው ይህን የምለው፤ ይሰማሃል? እያረረ። ይቅር ብዬሃለሁ። ነገም ያርራል፤ ነገም እልሃለሁ።”

ከዚያ እዚያው እንደቆመ፣ ያን ያህል ጊዜ የዘለላትን ቃል ጮኾ ደገማት። ድምፁ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ጨረሳት ግን። ጎሪስ ተንበረከከ። እኔ ስለ ዓሣ ነባሪው ትልቅነት ያልኩትን ሁሉ እዚያው ተውኩት። የሚያስፈራ ነገር አየሁ ማለት ያን ቀን ነው፤ ባርኔጣዬን አውልቄ አለቀስኩ።

ዞር ስንል ዓሣ ነባሪው የለም። ማንም ሲሄድ አላየውም።

“ሄደ” አለ ብሩኖ። ሊሳደብ ነው ብዬ ነበር። “ይሂድ፣ እሱስ ቢሆን ምን ያድርግ” አለና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ሴቶቹ ዳርቻው ላይ ቆመው ሲያዩን ጥያቄያቸው ፊታቸው ላይ ነበር። ሲልቬስተር ከጀልባዋ ወርዶ ጎሪስን በክንዱ ይዞ በመንደሩ መሀል ወሰደው፤ እኛም እንደ ጥላ ተከተልናቸው። ሮዛሊና ደጃፏ ላይ በቆሎ ትፈለፍል ነበር። የቀራት አንድ እፍኝ አይሞላም።

“ምን አመጣችሁ?” አለች ሳታያቸው።

“እሱን” አለ ሲልቬስተር።

ጎሪስ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለኛ የነገረንን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷ እጇ በቆሎው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ በቆሎዋን ይዛ ተነሥታ ገባችና በሩን ዘጋች። ሲልቬስተር ወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከጣሪያው ወርዳ ጥላው እግራችን ጋ ደረሰ፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሮዛሊና ዓይኗ አብጦ፣ ያቺን በቆሎ ቀቅላ በሦስት ሳህን ከፍላ ይዛለች። አንዱን ጎሪስ ፊት አስቀመጠችና ጎኑ ቁጭ አለች።

“ብላ” አለችው። “ካልበላህ እኔም አልበላም።”