የባዶ ክፍል ድምፅ

ቃለ መጠይቁን ያበላሸችው ራሷ ኮሪን ናት። ሶልቬግ ሃውገን ወሬ እንደማይወዱ ሐይቅ ዳር ባለችው ዱሉት ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሷ ግን ቤታቸው ድረስ ሄዳ፣ ዝም ባሉ ቁጥር ዝምታውን በራሷ ወሬ ሞላችው። መቅጃው ላይ ያለው አብዛኛው የእሷው ድምፅ ነው። የሬዲዮ ጣቢያው አለቃ ደግሞ "ሴትዮዋን ካላናገርሻቸው ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" ብሏታል።

ሶልቬግ ሐይቁን እንጨት ላይ እየቀረጹ ወረቀት ላይ የሚያትሙ ሰዓሊ ናቸው። በቅርቡ ባሳዩዋቸው ሥራዎች ላይ ውሃው ይርገበገባል። ጋዜጦቹ "በስተርጅና የመጣ ድፍረት" ብለው አወድሰውታል።

"አዲሱን ስልት እንዴት አገኙት?" አለች ኮሪን። "ሐይቁ ስለሚለዋወጥ ነው? ወይስ ዕድሜ ነፃነት ሰጥቶዎት?"

"እንዳልሽው ነው።"

"የትኛው?"

"ደስ ያለሽ።"

ኮሪን ተስፋ ቆረጠች። የቀራት አንድ ሥራ ብቻ ነበር። የሬዲዮ ሰው ከመሄዱ በፊት የክፍሉን ባዶ ድምፅ ይቀዳል፤ ንግግር ተቆርጦ ሲቀጠል ክፍተቱ የሚሸፈነው በእሱ ነው።

"አሁን አንድ ደቂቃ ያህል ሁለታችንም ዝም እንላለን።"

"አንቺም?"

"እኔም።"

"እስቲ እናያለን!"

ኮሪን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሰማች። ቀጥሎ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር መጣ። ቀና ስትል ሶልቬግ የሻይ ሲኒያቸውን ይዘዋል፤ ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል። ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰውን ጥያቄ ዋጠችው።

"ሰማሽው አይደል?" አሉ ሶልቬግ።

ኮሪን ራሷን ነቀነቀች።

"ድፍረት ይሉታል! እጄ ነው፣ የኔ ልጅ። ቀጥ ያለ መስመር ልቀርጽ እነሳለሁ፣ መሮው እየተንቀጠቀጠ ወደፈለገበት ይሄዳል። የመጀመሪያዋን ሥራ ልጥላት ስል የጋለሪው ሰውዬ ነጥቆኝ አይቶ አለቀሰ። ቂል! ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ 'እንዴት አደረጉት?' ይለኛል። ምን ልበል? ዝም ብል ይሻላል አልኩ።"

አንዴ ከጀመሩ አላቆሙም። ስለ እጃቸው፣ ስለ ሐኪማቸው፣ ቀጥ ያለ መስመር እንዴት እንደሚናፍቃቸው አወሩ። ኮሪን አንድም ጊዜ አላቋረጠቻቸውም።

"ይህን ሁሉ ልታሰሚው ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"እምቢ ካሉኝ አጠፋዋለሁ።" ይህን ስትል ፕሮግራሟም አብሮ እንደሚጠፋ ታውቃለች።

ሶልቬግ እጃቸውን አዩት።

"አሰሚው" አሉ። "ከእንግዲህ ሰው ፊት ሻይ መጠጣት እችላለሁ።" ሳቁ። ኮሪንም ሳቀች።

"ባዶው ድምፅስ?"

"ተበላሽቷል። እንደገና መቅዳት አለብኝ።"

"እኔ እዚህ እያለሁማ አይሆንልሽም፤ ዛሬ አፌ ተከፍቷል።"

ሶልቬግ ሲኒውን ከነማስቀመጫው እያንቀጫቀጩ፣ ክፍሉን ለኮሪን ትተው ወጡና በሩን ዘጉት።