ሃምሳ ሃምሳ ብር

በ፲፱፻፶ ዓ.ም. በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቶሎ ወጣ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ጠወለገ። የተረፈውን አንበጣ በላው። የቦርከና ወንዝ ከጥልቁ በቀር ደረቀ። ከብቱ እርጥብ ሣር ፍለጋ ጭቃው ውስጥ እየገባ እዚያው ቀረ። ሁለት በሬ ነበረኝ። አንዱ ሞተ። ሁለተኛውን ሳይሞት ባቲ ነድቼ ሸጥሁት። ዋጋው እህል ሆኖ ሁለት ወር አልዘለቀም። በኅዳር ልጄ ዘይና ሞተች።

በታኅሣሥ ከቦርከና ዳር ያለውን ማሳዬን ለእንየው በወለድ አገድ ሰጠሁ። እንየው ከሚሴ ከተማ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። አራት መቶ ብር ቆጠረልኝ። በወለድ አገድ አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም፤ በወለዱ ፈንታ መሬቱን ይይዛል። ባለዕዳው ገንዘቡን ያመጣ ዕለት መሬቱ ይመለሳል። ግን ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ፣ ባንድ ጊዜ፣ በሽማግሎች ፊት መቆጠር አለበት። ከፋፍሎ መክፈል የለም። ግማሹን ይዞ የሄደ ሰው ግማሹን ይዞ ይመለሳል።

እንየው ክፉ ሰው አልነበረም። ማሳውን ለሌላ አልሰጠብኝም። እኔው በእኩል አረስሁለት። ዘጠኝ ዓመት የገዛ መሬቴን እያረስሁ ግማሹን ምርት ወደ ሱቁ ጫንሁ። አጠራቅሜ ለመክፈል ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። መቶ ሲሞላ ሰው ይታመማል፤ መቶ ሃምሳ ሲሆን በሬ ይሞታል።

ልጄ ጀይሉ ያደገው ማማ ላይ ነው። ማሽላው ወተት ሲይዝ የግሪሳ ወፍ ከቆላው ይመጣል፤ ካረፈ አንድ ማሳ በአንድ ጠዋት ይጨርሳል። ሌላው ሰው በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃል። ጀይሉ አይጮኽም ነበር። ሁለት ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ የጭልፊት ድምፅ ያወጣል። መንጋው ባንድ ጊዜ ይነሣና ቦርከናን ተሻግሮ ይሄዳል። የጎረቤት ገበሬዎች ወፉን ወደ እኛ ነዳብን እያሉ ይከሱት ነበር። በኋላ አጠገባችን ያለውን የጨፋ ረግረግ ወፍ ሁሉ ተማረ፤ ዳክዬውን፣ ቆቁን፣ ጅግራውን። ሰዉ ጀይሉ ሲምብራ አለው። በኦሮምኛችን ሲምብራ ወፍ ነው። እኔ ጎበዝ ነህ ብዬው አላውቅም። ከማማው በታች ቆሜ እሰማው ነበር እንጂ።

በስድሳ ዓ.ም.፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ ጀይሉ የቀን ሥራ ልፈልግ ብሎ አዲስ አበባ ሄደ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

በመጋቢት እንየው ቤቴ ድረስ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«ሙሀመድኑር፣ እኔ አርጅቻለሁ። ደሴ ልጄ ዘንድ ልገባ ነው። ትራክተር ያለው ሰው ማሳውን ጠይቆኛል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ገንዘቤን ካመጣህ መሬቱ የአንተ ነው። ካላመጣህ ለሱ አስተላልፋለሁ።»

«ትራክተር ድንበር አያውቅም» አልሁት። «አንድ ጊዜ ከገባ የኔ ማሳ የቱ እንደነበር እኔም አላውቀው።»

«እሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አስቀድሜ የመጣሁት ለዚህ ነው።»

በወቅቱ ቤቴ ውስጥ አርባ ብር አልነበረም።

ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ እንደ ልማዱ ለምሳ ከከሚሴ ገበያ አጠገብ ቆመ። ሾፌሩ ዋለ የከሚሴ ልጅ ነው። ሳይወርድ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«አባባ ሙሀመድኑር! ጀይሉ ቴሌቪዥን ገባ!»

«ምን ውስጥ ገባ?»

«ቴሌቪዥን! ሥዕል ያለው ራዲዮ በለው። ሰውየው ከነመልኩ ይታያል።»

ባለቤቴ አስያ ጎመን ትሸጥ ነበር። ተነሥታ ቆመች። «ከገባ ማን ያወጣዋል ታዲያ?» አለች።

ገበያው ሳቀ። ዋለ ወርዶ ነገሩን ተረከ። አዲስ አበባ አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ የሳሙና ፋብሪካ ያዘጋጀው የችሎታ ውድድር በቴሌቪዥን መጣ። አንዱ ዘፈነ። አንዱ አኮርዲዮን ተጫወተ። አንዱ ወንበር በአገጩ ላይ አቆመ። ከዚያ ጀይሉ ወጣ።

«ሲያዩት ሳቁበት። ነጠላውን አጣፍቶ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ጭልፊቱን ለቀቀው። አባባ፣ በአላህ እነግርሃለሁ፣ የቡና ቤቱ ዶሮዎች ከጓሮ ሮጠው ከወንበር ሥር ገቡ!»

«አንተ ክርስቲያን ሆነህ በአላህ ትምላለህ?» አለው አንዱ።

«እንድታምኑኝ ነዋ! አንደኛ ወጣ እኮ። አምስት መቶ ብር! በፖስታ አድርገው፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ፣ እጁ ላይ አስቀመጡለት። በዚች ዓይኔ አይቻለሁ።»

በእኛ አገር በሰው ፊት እጅ ላይ የተቀመጠ ነገር ተሰጠ ማለት ነው። በሠርግ ጥጃ ሰጠሁ ያለ ሰው ጥጃውን ሰጥቷል። ሌላ አላሰብሁም። ከዚያው ተነሥቼ ወደ እንየው ሱቅ ሄድሁ። ጨውና ላምባ የሚገዛ ሰው ሞልቶ ነበር። ከበሩ ሆኜ ጮክ ብዬ ተናገርሁ።

«እንየው፣ በሚመጣው የገበያ ቀን ሽማግሎች ይዘህ ጠብቀኝ። መሬቴን አስመልሳለሁ።»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ቀና ብዬ እዚያ ሱቅ አልቆምሁም።

ጀይሉ የገበያው ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መጣ። እናቱ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው። ፖስታውን አውጥቶ ሰጠኝ። ከፈትሁት። ሃምሳ ብር ነበር።

«ሌላውስ?»

«አባ ኮ» አለኝ፤ በኦሮምኛችን አባቴ ማለት ነው። «ሌላው በየወሩ ነው። ሃምሳ ሃምሳ፣ እስከ አሥር ወር።»

«አምስት መቶ ብለው አይደል የሰጡህ?»

«ብለዋል። መድረኩ ላይ አምስት መቶ አሉ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ፖስታውን ሰጡኝ። ከመጋረጃው ኋላ ስከፍተው ይኸው። ኃላፊውን ጠየቅሁት። ‹ሁሉን ባንድ ጊዜ ብንሰጥህ አገርህ ትገባለህ፣ እኛ ምን ይተርፈናል?› አለኝ። በየወሩ እየቀረብሁ፣ ሳሙናውን በእጄ ይዤ፣ አንድ ነገር እያሰማሁ ነው የምቀበለው። የቀረሁበት ወር ይቀራል። ያለፈው ዓመት ዘፋኝም እንዲሁ ነው የተከፈለው።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ምን እላለሁ። ደግሞ በሚመጣው ወር የውሻ ድምፅ አምጣ፣ ውሻ ያስቃል አሉኝ። አባ ኮ፣ ወደ እነሱ አልመለስም ብዬ ነው የወጣሁት።»

ለእንየው የተናገርሁትን ነገርሁት። ራሱን ያዘ። አልተቆጣሁትም። የተናገርሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «ሲስቁብህ ነበር አሉ።»

«መጀመሪያ ሳቁ። ጭልፊቱ ሲመጣ ዝም አሉ።»

በማግሥቱ ኢብራሂም ዘንድ ሄድሁ። ኢብራሂም የገበያችን እቁብ ዳኛ ነው። ገንዘብ ሳይዝ የሚታመን እሱ ብቻ ነው ይሉታል፤ ገንዘብ ይዞም ታምኗል። የሆነውን ሳልቀንስ ነገርሁት። ጺሙን እያሸ ሰማኝ፤ ከዚያ ሳቀ።

«ሰዎቹ አልዋሹም» አለ። «ብሩ አምስት መቶ ነው። የሠሩት እቁብ ነው፤ ልጅህን መጨረሻ ዕጣ ላይ አስቀምጠውታል። እኛ ወደ መጀመሪያው እናመጣዋለን።»

«እንዴት አድርገህ?»

«ሃምሳው በእጅህ አለ። የጎደለህ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። ሠላሳ አምስት ሰው አሥር አሥር ብር ያዋጣ። የመጀመሪያው ያለ ዕጣ ለአንተ ይሰጥ። የልጅህ ሃምሳ በመጣ ቁጥር አምስት አምስት ሰው አሥር አሥሩን ይወስዳል። ማን እንደሚቀድም ዕጣ እናወጣለን።»

«አሥር ብር የፍየል ዋጋ ነው። ማን ያዋጣል?»

«እሱን ለኔ ተው።»

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ስንወጣ፣ ሰዉ በእህል ተራው ተሰበሰበ። ገሚሱ የጨፋ ገበሬ ነው፤ ገሚሱ የከተማ ነጋዴ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ኢብራሂም ነገሩን አስረዳ። ከዚያ አንድ በሬ ነጋዴ ከኋላ ተናገረ።

«ወፍ ነው አላችሁ። ከበረረስ?»

ሰዉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሁሉም ነበር። ሁሉም ጀይሉን አየው። እኔ አላየሁትም። ሂድ ብዬ ላዝዘው እችል ነበር፤ አባቱ ነኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሳሙና ይዘህ ቁም ብዬ ግን አላዝዘውም። መሬቱ ቢቀር ይቅር ብዬ ቆርጬ ነበር።

ጀይሉ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ዘጠኝ ዓመት ማማ ላይ ሆኜ ወፍ ስጠብቅ የጠበቅሁት ለእንየው ድርሻ ጭምር ነው» አለ። «አሁን እዚያ ሄጄ የማሰማው ለራሳችን ማሳ ነው። እሄዳለሁ። አንድም ወር አልቀርም። ውሻ ግን አልሆንላቸውም።»

አማከለች የምትባል አዛውንት ጨው ሻጭ ነበረች። ከዘራዋን አነሣች። «አንተ ሲምብራ፣ ከማዋጣቴ በፊት እስቲ ጭልፊቱን አሰማኝ።»

«እናቴ፣ በነፃ?»

«ወይኔ ልጄን፣ አዲስ አበባ ሄዶ ነጋዴ ሆኖ መጣ!» ብላ ከመቀነቷ የመጀመሪያውን አሥር ብር ፈታች።

ከሷ በኋላ ሌላው ተከተለ። በሬ ነጋዴውም አዋጣ። ያልያዘ ሰው እስከ ነገ ብሎ ተዋሰ። ኢብራሂም እየቆጠረ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። አንዳንዱ ብር ላብ የጠጣ፣ አንዳንዱ ሳንቲም ሆኖ የመጣ ነበር። ላመሰግን ተነሣሁ። ኢብራሂም ገብቶት «ዝም በል፣ እቁብ ነው» አለኝ።

የኋላውን አስቀድሜ ልናገር። ጀይሉ የቀሩትን ዘጠኙንም ወር ቀረበ። እዚያው አዲስ አበባ እየሠራ ቆየና ሃምሳውን በዋለ እጅ ላከ። ዋለ ሱሪው ኪስ ውስጥ ሰፍቶ ያመጣው ነበር። በየወሩ ውሻ አምጣ አሉት። እሱም «የጨፋ ወፍ ሲያልቅብኝ ውሻ እሆናለሁ» አላቸው። በግንቦት ቆቅ አሰማ፤ በሰኔ ጅግራ፤ በሐምሌ የረግረጉን ዳክዬ ከነጫጩቶቹ። ወፉ አላለቀም። ሰዉም ሰባተኛው ወር ሲሞላ አሥር ብሩን ሳይጎድል ወሰደ። የመጨረሻው ሁለት ወር መቶ ብር የልጁ ነው አልሁ፤ በሬ ገዛበት። ይህን ሁሉ ግን ያን ቀን አናውቅም ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። እኔ፣ ጀይሉና ኢብራሂም ወደ እንየው ሱቅ ሄድን። ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ወሬው ስለተዳረሰ ሰው በሩን ሞልቶ ቆሟል። ጨርቁን ፈትቼ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁ። በላዩ ፖስታውን ጨመርሁ።

እንየው ፖስታውን አየ፣ የተጨማደደውን ብር አየ፣ ሳንቲሙን አየ።

«በፖስታ ያለው ሃምሳ ነው» አለ። «ሌላው የፋብሪካ ገንዘብ አይመስልም።»

«አይደለም። ፋብሪካው በየወሩ ነው የሚከፍለው። ይሄን ያዋጣልኝ ሰዉ ነው፤ ልጁን አምኖ።»

«ልጁን?»

«ልጄን» አልሁ። በዕድሜዬ ልጄን በሰው ፊት ያነሣሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ጀይሉ ወደ ምድር አየ።

እንየው ሌላ አልጠየቀም። መነጽሩን አድርጎ መቁጠር ጀመረ። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የሳንቲም ድምፅ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ተሳስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሲጨርስ በእጁ ደልድሎ ገፋ አደረገውና ሽማግሎቹን አየ።

«አራት መቶ ብር ሙሉ ተቀብያለሁ። ማሳው ከዛሬ ጀምሮ የሙሀመድኑር ነው። እኔም አልጠይቀው፣ ልጄም አይጠይቀው።»

ሽማግሎቹ ሰማን አሉ። ውሉን ከሣጥኑ አውጥቶ ቀደደው። ከበሩ ያሉት ሴቶች እልል አሉ።

ለመሄድ ተነሣሁ። «እንየው» አልሁት፣ «ዘንድሮ አጨዳ ሲደርስ ግማሹን የት ላውርድልህ ብዬ አልጠይቅህም።»

«አትጠይቀኝም» አለና በባንኮኒው ላይ ተሻግሮ እጁን ዘረጋልኝ።