የግቢው ካፖርት

እስከ ጉልበት ነው፣ እስከ ጉልበት፣ ዐይኗን ጨፍና ብትገልጠውም ያው፣ የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶ ውስጥ ካፖርቱ ጉልበት ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በታች ቀጥ ያለ ረጅም ቅልጥም፣ ይሄ የእናቷ እግር አይደለም። እናቷ ያንን ካፖርት ስትለብስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይወርድ ነበር፣ ጭቃ እንዳይነካው በሁለት እጇ ሰብስባ ነበር የምትራመደው፣ ግቢው ሁሉ ይስቅባታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቋን አልረሳችም። ፊቷን ነው የረሳችው።

ስልክ ላይ ስታየው እኮ ከወገብ በላይ ነበር! የፈረሰው ሰፈር ፎቶዎች፣ የቀድሞ ነዋሪዎች መጥታችሁ ስም ንገሩን ይላል ማስታወቂያው፣ ከሥሩ በጠባቧ መተላለፊያ ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄድ ሴት፣ አንገትጌው ላይ ያቺው ጠቆር ያለች ጨርቅ ተጥፋበታለች፣ ሌላ ማን ትሆናለች፣ የምትሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ካውያውን የሰው ሸሚዝ ላይ ረስታ ለወንድሟ ደወለች፣ አለቃዋ ጮኸ፣ ይጩህ፣ ማሙሽ፣ እማዬን አገኘኋት። ማሙሽ ይባል እንጂ ራሱ የተመለጠ አውቶቡስ ነጂ ነው። ጠየቃት፣ ፊቷ ይታያል? አይታይም፣ ጀርባዋ ነው። ይሁን፣ ጀርባዋም ይሁን። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

ድክድክ ሳይል ነው የሞተችበት። አንድ ፎቶ የላትም፣ ካሜራ የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር ቤት ገብታ ትደበቅ ነበር፣ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ምን ትመስል ነበር እያለ ጠየቃት፣ አጭር ነበረች፣ ሳቂታ ነበረች፣ እሺ ሌላስ? ሌላማ ከየት ይምጣ።

አሁን መጥቶ ምን ልትለው ነው። ተሳሳትኩ? ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ የመጣን ሰው?

እና ደግሞ እትዬ አሉ። ልብስ ሰፊዋ እትዬ፣ አርጅተው ኩርምት ብለው፣ ልክ በዚሁ ፎቶ ፊት ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል፣ ስትገባ ጉንጯን ሳሟትና ተመልሰው ዐይናቸውን ፎቶው ላይ ተከሉ። ካፖርቱን የሰፉት እሳቸው ናቸው፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ፣ የማንም አልነበረም፣ የግቢው ነበር፣ ሥራ ልትጠይቅ የምትሄድ ትለብሰዋለች፣ ሐኪም ቤት የምትሄድ ትለብሰዋለች፣ ይኸው ወዲያኛው ፎቶ ላይ አናጢው ለብሶት ቁልፉ አልዘጋ ብሎት ቆሟል፣ ጉደኛ። በፈረቃ የሚተኛበት አልጋ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ በቆርቆሮው ውስጥ ይማርህ የሚባልበት ቤት፣ ሁሉም እዚህ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል፣ እውነተኛው ቦታ ላይ ዛሬ መኪና ይቆምበታል።

ካፖርቱ የት ገባ? ይሄንንስ ታውቀዋለች። እናቷ ከሞተች በኋላ የእትዬ ልጅ ሥራ ልትጠይቅ ለብሳው ወጣች፣ ያቺ ዘንካታዋ፣ ረጅሟ፣ ካፖርቱ ጉልበቷ ላይ የሚቀርባት። ሳትመለስ ቀረች። እትዬ ስንት ክረምት በራቸውን ሳይዘጉ አደሩ።

ክው አለች። አሁን ገና ነው የገባት፣ ወንበሩ ለምን እዚህ እንደተቀመጠ።

እትዬ፣ ይቺ እኮ፣ ልትል አፏን ስትከፍት ማሙሽ በሩ ላይ ነው፣ እያለከለከ፣ ላቡን እየጠረገ፣ የቷ ናት? ጣቷ አልነሳ አለ። እሱ ግን ራሱ አገኘው፣ ቀርቦ ቆመ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ተማሪ። እሷ ናት?

 ዐይኗን ወደ እትዬ መለሰች።

አጭር ነበረች ስትዪ አልነበር? ይቺ ረጅም ናት እኮ።

አለቀ። ይኸው መጣ። ትናገረው፣ አሁን ትናገረው፣ የሰው ልጅ ቀምቶ እናት ማድረግ ይቻላል እንዴ፣ እናትየው እዚሁ ተቀምጣ፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት።

እናትህ ናት፣ ይላሉ እትዬ።

ከወንበሩ ሳይነሱ፣ ከፎቶው ዐይናቸውን ሳይነቅሉ። ካፖርቱን የሰፋሁት እኔ አይደለሁ? ጭቃ ስለነበር ያን ቀን ጫፉን አሳጠርኩላት። ካፖርት ሲያጥር ደግሞ ሰው ይረዝማል፣ ልብስ ሰፊ ጠይቅ።

ማሙሽ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የአዳራሹ ሠራተኛ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረበች፣ ከሥሩ ማን ብዬ ልጻፍ? የማሙሽ እናት ብለሽ ጻፊ፣ ይላሉ እትዬ። ሄዳ እጃቸውን ያዘች፣ አጥንት ብቻ ነው፣ እትዬ፣ ለምን? አንቺ ልጅ ዝም በይ፣ እኔ የልጄን ፊት አልረሳሁትም።

 ምን ተብሎ ይመለሳል ይሄ፣ ምስጋና ያንሰዋል፣ ይቅርታ ያንሰዋል፣ ማሙሽ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ሊያነሳ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ሰፊ ጀርባውን እትዬ ፊት ገትሮታል፣ እትዬ በጎኑ ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ከወገብ በላይ አንሳት ማሙሽ፣ ትለዋለች፣ ከወገብ በላይ ይበቃሃል፣ ደግሞ ዞር በልላቸው፣ እትዬ ገና አይተው አልጠገቡም።