ሰማንያው ቀን እስኪሞላ

ስሟን ስጠራት ዞር የምትለው ድምፄን ሰምታ ነው ወይስ ጥላዬ ግድግዳው ላይ ሲያልፍ አይታ? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ።

ዮዳሄ የልጅ ልጄ ናት፤ አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። እናቷ ሐመልማል ሥራ ስትውል የምይዛት እኔ ነኝ፤ የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጎረቤቶቻችን ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ቀኑን ሙሉ እኔ አወራለሁ፤ እሷ አፍ አፌን ታየኛለች።

ከኋላዋ ሆኜ የድስት ክዳን አንኳኳለሁ። ዞር ስትል «ተመስገን!» እላለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ «ጨዋታ ይዟት ነው»።

ሐመልማል ጥርጣሬ ገብቷት ባለፈው ዓርብ መገናኛ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናት። የጆሮ ምርመራው ተኝታ ስለሚሠራ መንገድ ላይ እንዳታሸልብ ተብለናል። እግሯን እየኮረኮርኩ፣ ፊቷን በውሃ እያበስኩ ካራ ስንደርስ የታክሲው ሾፌር በመስታወት አይቶኝ፣

«እማማ፣ ይተዋት እንጂ ትተኛ! ለተኛ ሰው አናስጨምርም» አለ። ታክሲው ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ እናቷ አጥብታ አስተኛቻት። መርማሪው ማቲዎስ ግንባሯ ላይና ከጆሮዋ ኋላ ሽቦ ለጥፎ ድምፅ ለቀቀላት። ጆሮዋ ከተቀበለ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ከፍ ዝቅ ይላል ብሎናል። ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። መስመሩ ዝርግ ብሎ ቀረ።

«ስትወለድ ጆሮዋ ታይቶ ነበር?» አለ።

«ኧረ አልታየም፤ የነገረኝ የለም» አለች ሐመልማል።

እስክሪብቶውን አነሳ። ዝም ብል ማን ያውቅብኝ ነበር?

«ታይቷል» አልኩ።

ሐመልማል በኦፕራሲዮን ወልዳ ተኝታ ሳለ ነርሷ የነገረችው ለእኔ ነበር፤ ሁለቱም ጆሮዋ ምርመራውን አላለፈም፣ በወሯ መልሷት ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። እስከ ስምንተኛ ተምሬያለሁ፤ ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። ግን ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ለነፋስ፣ ለሰው ዓይን ትውጣ? አራሷንስ ለምን ላስደንግጥ ብዬ አጥፌ ደበቅሁት። ክርስትና ስትነሳ በኃይል አለቀሰች። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት ልጅ እንዴት አትሰማም አልኩ። እንጦጦ ወጥቼ ጠበል አመጣሁላት። እያደር ደግሞ መናገሩ ከበደኝ።

ማቲዎስ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እማማ፣ በጊዜው ቢያመጧት ስድስት ወር ሳይሞላት የመስሚያ መሣሪያ እናደርግላት ነበር። አሁንም ይደረግላታል። ቋንቋ ለመልመድ ግን ያለፉት ወራት ያስፈልጓት ነበር።»

ሐመልማል ወደ እኔ አልዞረችም።

«እማዬ፣ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ‹ዛሬ ሰማችኝ› ትዪኝ አልነበር?»

«ትሰማኛለች ብዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ…»

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። ቅዳሜና እሑድ ራቱን አቅርቤ ብቻዬን በላሁ። «ምቺኝ፣ ስደቢኝ» አልኳት መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆሜ። ከውስጥ የሚሰማው የዮዳሄ ሳቅ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የልጅቷን አጥሚት አሙቄ፣ እንደ ወትሮው ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ሐመልማል ልጇን አዘለች። ዳይፐሩን፣ ጡጦውን፣ ቅያሪ ልብሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቁልፏን አነሳችና ወጣች።