የጉያቱ አፍንጫ

ከነገሌ ወተት ተራ አዴ ጉያቱ ሳታሸተው ወደ ሻኪሶ የሚሄድ ወተት አልነበረም። ይህን የምትናገረውም ራሷ ነበረች፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰሚ ኖረም አልኖረ።

"ጀሪካን ማንም ይገዛል። መኪናም ማንም ይከራያል። አፍንጫ ግን ከፈጣሪ ነው" ትላለች። ከዚያ አጠገቧ የምትነግደውን ሸምሳን በጎን ታይና "ለሁሉም አልታደለም" ብላ ትጨምራለች።

ከገጠር የመጡ ሴቶች የግመል ወተታቸውን ይዘው በጠዋት ይሰለፋሉ። ጉያቱ አንድ በአንድ ክዳን ታስከፍታለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ወደ ውስጥ ትስባለች። ደህናው "ይግባ" ይባላል። መኮምጠጥ የጀመረው፣ ወይም በጭስ ባልታጠነ ዕቃ የመጣው፣ "ለውሻሽ አጠጪው" ተብሎ ይመለሳል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ሌላ ሰው እንዲያሸትላት አልፈቀደችም። እህቷ ስትዳር ከሠርጉ መሀል ተነሥታ ወተት ተራ ወርዳለች። ልጇ ያቤሎ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ አልሸኘችውም። ድዷ አብጦ ጉንጯ በተወጠረበት ሳምንት እንኳ፣ ፊቷን በሻሽ አስራ፣ አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ተገኝታለች።

ይህን ትጋት የሚሉት አሉ። የምን ትጋት! ከእኔ በላይ ላሳር ነው እንጂ። እሷ ካልነቃች ጎህ የማይቀድ፣ እሷ ካላሸተተች የአገሩ ግመል ሁሉ የሚነጥፍ ይመስላት ነበር።

አብራት የምትኖረው የልጇ ሚስት ዱረቲ ናት። ዱረቲ ሙያ ኮሌጅ የተማረች፣ ነገር የገባት ልጅ ናት። ሥራዋ ግን ጀሪካን ማጠብና በእንጨት ጭስ ማጠን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ደፍራ፣

"እማዬ፣ እኔም ማሽተት ልልመድ፤ አንድ ቀን ቢያምዎትስ?" ብትላት፣ ጉያቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"በሽቶ ያደገ አፍንጫ! አንቺ ወተትና ሎሽን ትለያለሽ? ጀሪካንሽን አጥኚ!"

በ2013 ዓ.ም.፣ ዋናው ዝናብ ጥሎ ወተት በተትረፈረፈበት ወቅት፣ ጉያቱን ጉንፋን ጣላት። የዚያን ዘመን ጉንፋን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም "ብርድ መታኝ" እያለ ያስል ነበር። ሰው እንዲህ ሲታመም ይተኛል፤ ከሰው ይርቃል። ጉያቱ ግን ጀሪካኑን አልጋዋ ድረስ እያስመጣች፣ እያስነጠሰች፣ "ይግባ" ትል ነበር። ያን ወተት የጠጣውን ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቀው!

በስምንተኛው ቀን ተነሣች። ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ዱረቲ ከጓሮ እየሮጠች መጣች።

"እማዬ! ሽንኩርቱ አረረኮ! አልሸተተዎትም?"

ጉያቱ ዞር ስትል ድስቱ ጠቁሯል። አንድም ነገር አልሸተታትም።

"አውቄ ነው" አለች። "ትደርሺ እንደሆን ልይ ብዬ ነው።"

ዱረቲ ስትወጣ ሎሚ ቆርጣ አሸተተች። ዳማከሴ በመዳፏ አሽታ አሸተተች። ነጭ ሽንኩርት አፍንጫዋ ውስጥ ልትወትፈው ምንም አልቀራት። ምንም የለም፤ ውኃ እንደማሽተት ነው። ያኔ ፈራች። ሻጮቹ ካወቁ ግማሹን ውኃ ከጉድጓድ ቀድተው ነው የሚያመጡልኝ ብላ አሰበች። መፍራቷ ልክ ነው። ግን ጤነኛ አፍንጫ ያላት ምራት እዚያው ቤት ውስጥ እያለች ለማንም አልተናገረችም። ሰው በጨለማ ሲሄድ መብራት የያዘውን ይጠራል። ኩሩ ሰው ግን ገደል ገብቶ "እዚህ ነው የምፈልገው" ይላል።

በማግስቱ ወተት ተራ ወረደች። እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሳበች። ከዚያ ቀና ብላ የሻጯን ፊት አየች። ዓይኗን ሰበር ያደረገችውን "ይመለስ"፣ ፊት ለፊት ያየቻትን "ይግባ" አለች። ዓይን አፋሮቹ ሁሉ ንጹሕ ወተታቸውን ተሸክመው ተመለሱ፤ ደፋሮቹ ሁሉ የኮመጠጠውን ሸጡ።

ማታውን፣ ሻኪሶ ላይ ለወርቅ ቆፋሪዎች ወተት የሚያከፋፍለው ደንበኛዋ ፋዲል ደወለ።

"አዴ፣ ሁለት ጀሪካን ኮምጥጧል።"

"ዱረቲ በደንብ ሳታጥነው ነው" አለች ጉያቱ። ስልኩን ዘግታም ምራቷን ስትሰድብ አመሸች።

በሁለተኛው ጭነት አራት ጀሪካን ተበላሸ። ያኔ ጥፋቱ የሾፌሩ የሌንጮ ሆነ፤ መንገድ ላይ ጫት ሊገዛ ቆሞ ወተቱን ፀሐይ አስመትቶ ነው ተባለ። በሦስተኛው ጊዜ ፋዲል ድምፁን ቀነሰ። ፋዲል ሲቆጣ አይጮኽም።

"አዴ ጉያቱ፣ ዛሬ አንዱ ቆፋሪ ኩባያውን እግሬ ሥር ደፍቶት ሄደ። ከጉድጓድ የወጣ ሰው ነው፣ ጉልበት አለው፤ እኔ ምን ልለው? የነገሌዋ እመቤት አሽትታዋለች ልበለው? የሐሙሱን ጭነት አያለሁ። እሱም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ አይቀየሙኝ።"

የሻኪሶ ገበያ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። በነገሌማ ሁሉም ጎረቤት ወተት አለው፤ ማን ይገዛታል? ጉያቱ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ታዲያ ምን አደረገች? ሌንጮን ሰደበች፣ ፋዲልን ሰደበች፣ ሐሙስን ቀኑን ራሱን ሰደበች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዱረቲ አንድ ክዳኑ የተከደነ ጣሳ ይዛ ገባች።

"እማዬ፣ ጎረቤት ለሙከራ የሰጠችኝ ወተት ነው። እስቲ ያሽትቱልኝ።"

ጉያቱ ደስ አላት፤ ተጠይቃለችና። ዓይኗን ጨፈነች። ዱረቲ ክዳኑን አንሥታ ጣሳውን አስጠጋችላት። ጉያቱ ረጅም ሳበች፤ ትንሽ አሰበች፤ ደግማ ሳበች።

"የዛሬ ጠዋት ወተት ነው። ዕቃው ግን በደንብ አልታጠነም" አለች።

"ዓይንዎን ይግለጡ።"

ገለጠች። ጣሳው ውስጥ ያለው ላምባ ነበር።

"በአማትሽ ትቀልጃለሽ? አንቺ የማንም..."

"ይስደቡኝ" አለች ዱረቲ። "ሽንኩርቱ ካረረ ጀምሮ አውቃለሁ። ሦስት ጭነት ሙሉ እርስዎ 'ይግባ' ሲሉ እኔ ከኋላዎ ጀሪካን ይዤ ቆሜ ኮምጣጣው አፍንጫዬን ሲመታኝ ነበር። ብናገር ማን ይሰማኛል ብዬ ዝም አልኩ። ልጅዎ የሚልከው ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም። ነገ ሻኪሶ ሲቀርብን ምን ልንበላ ነው፤ ኩራትዎን?"

ጉያቱ ከጣሳው ወደ ምድጃው አየች።

"ላምባውን አርቂው፤ እሳት አለ" አለች። ያን ቀን የተናገረችው ቁም ነገር ይህ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወተት ተራ ላይ ጉያቱ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጎንበስ የምትለው ዱረቲ ሆነች። ሸምሳ ለዚህ ቀን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸልይ የኖረች ይመስል ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"ወይ ጉድ! ጉያቱ፣ ከፈጣሪ የተሰጠሽን አፍንጫ ለምራትሽ አወረስሽ? በሕይወት እያለሽ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ጉያቱ ምላሷን ነከሰች። ዱረቲ ቸኩላ ስታሸት "ቀስ በይ" ልትል ፈለገች። አንዱን ሁለቴ ስታሸት ደግሞ "ምን ያንቀረፍፍሻል" ልትል ፈለገች። ክፉ ልማድ በአንድ ሌሊት አይለቅም፤ እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቻለችው።

ከዚያ ዲንኪቱ መጣች። ዲንኪቱ የጉያቱ የወንድም ሚስት ናት፤ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ይዛ፣ ሰልፉን ጥሳ፣ "ናጋ! ናጋ!" እያለች ግራ ቀኙን ሰላም ብላ ፊት ገባች። ዱረቲ ከፈተች፣ አሸተተች፣ ከደነች።

"ይሄ አይሆንም። መኮምጠጥ ጀምሯል።"

"ምን አልሽ?" ዲንኪቱ መቀነቷን አጠበቀች። "ገና ጡት ያልጣልሽ! የወንድሟን ግመል ወተት? ጉያቱ፣ ተናገሪ እንጂ! ነይ አንቺው አሽቺውና ይለይልን!"

ጉያቱ ከበርጩማዋ ተነሥታ ጀሪካኑ ጋ ቆመች። ሁሉም ፊቷን ያያል። "ይግባ" ማለት ቀላል ነበር፤ ዘመድም አይቀየምም፣ ስሟም አይወድቅም። ሻኪሶ ግን ይወድቃል። እንደ ልማዷ ጎንበስ ልትል ወገቧ ጀመረ። ከዚያ ቀና አለች።

"ባሸተውም አላውቀውም" አለች። "ካመመኝ ወዲህ አይሸተኝም። ላምባ አቅርበውልኝ ወተት ነው ብያለሁ። የምታሸተው እሷ ናት፤ እሷ አይሆንም ካለች አይሆንም።"

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ተራው በሙሉ። "ላምባ!" እያሉ ተያያዙ። ዲንኪቱ "ዘመድ በላሽ!" ብላ ጀሪካኖቿን እየጎተተች ሸምሳ ዘንድ ወሰደቻቸው። ሸምሳ በደስታ ከፈተች፤ ወዲያው ፊቷን አጨማደደችና ክዳኑን መለሰች።

ያን ቀን ሌንጮ የጫነው ዘጠኝ ጀሪካን ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ አሥራ አምስት ይጭን ነበር። ጉያቱ ባዶዎቹን ስድስት ጀሪካኖች አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ስድስቱም ቢሞሉ ኖሮ ሻኪሶ የሚደርሰው ኮምጣጣ እንደነበር ለራሷ ደጋግማ መንገር ነበረባት። ከቀትር በኋላ ቤት ገብታ የምትይዘውን አጣች። ሁለት ጊዜ ተነሥታ መንገዱን አየች። ተቀምጣ ጥርሷን ፋቀች።

ማምሻው ላይ ስልኩ ጮኸ።

"አዴ፣ ዘጠኙም ደርሷል" አለ ፋዲል። "አንድም የተደፋ የለም። ግን ዘጠኝ አይበቃኝም፤ ለሰኞ ሃያ ይልኩልኛል?"

ጉያቱ "እልካለሁ!" ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ እንዲያውም "እል" ድረስ ደርሳለች። ዱረቲ ጓሮ ውስጥ ጀሪካን እያጠነች ነው።

"ቆይ" አለች ጉያቱ። "ሃያ ማሽተት ትችል እንደሆን እኔ አላውቅም። እሷን ጠይቃት።"

ስልኩንም ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።