ያለችውን አልቀብርም

«አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ?»

ፌኔት ቀና አላለችም። ጓዳ ውስጥ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ግማሽ እንጀራ በምስር ወጥ እየበላች ነበር። በሩን ይዘው የቆሙት የአባቷ እኅት ሣራ ናቸው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ከገለምሶ ጭሮ የገቡት ገና አሁን ነው። በኦሮምኛ የአባት እኅት «አዳዳ» ትባላለችና ፌኔት ከልጅነቷ ጀምሮ በዚሁ ነው የምትጠራቸው።

«መርፌዬን ተወግቻለሁ፣ አዳዳ። ከተወጋሁ መብላት አለብኝ።»

«አንድ ቀን ብትዘልዪው ምን ትሆኛለሽ? ውጭ ያሉት ሴቶች እኮ እያዩሽ ነው። የጂሬኛ ልጅ አባቷን አጋድማ ጎረሰች ይላሉ።»

«ይበሉ» አለች ፌኔት።

ርቧት አልነበረም። እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ ነበር የምታወርደው። ሳህኑን እስክትጨርስ ግን ከጆንያው ላይ አልተነሣችም። አዳዳ ሣራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩዋት፤ ከዚያ ዞረው ወደ ለቀስተኛው ሄዱ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አንገቱን ማሽኑ ላይ ደፋ ሲያደርግ፣ ጎኑ ሆና ቁልፍ የምትተክለው ፌኔት ክር የጠፋበት መስሏት ነበር። «ቆይ እኔ ላስገባልህ» ብላ መነጽሯን ስትፈልግ እሱ ሄዷል።

በስምንት ሰዓት ቀበሩት። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ፤ መዝሙሩ ተዘመረ፤ ጸሎቱ ተደረገ። ከዚያ ሹክሹክታው ተጀመረ። ፌኔት ፍራሹ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች።

«በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሚስቱ ሞተችበት፤ ሌላ አላገባ። የልጁን ድስት ሲያማስል አለቀ።»

«እንጀራ በሜትር የሚለካ ወንድ የት አገር ታይቷል?»

ይኼኛው እንኳ እውነት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1990 ዓመተ ምሕረት ነው። የፌኔት እናት ሮማነወርቅ በወሊድ ከነሕፃኑ ስትሞት ፌኔት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ስኳር ከተገኘባት ገና ዓመት አልሞላትም፤ መርፌውንም ምግቡንም ለይታ የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች። በለቅሶው መሐል አንዲት ዘመድ ለልጅቷ አዝና፣ ድንኳን ውስጥ ውሎ ያደረ የሥጋ ወጥ ለብ አድርጋ አበላቻት። ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። «የእናት ናፍቆት ነው» አሉ። «ምንም ሆዷ ሳይገባ እንዴት ትወጋለች?» ብለው መርፌውንም አስቀሩባት። በሁለተኛው ቀን ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ሸተተ፤ ስሟን ሲጠሯት አትሰማም። አባቷ ከለቅሶ ፍራሹ ተነሥቶ አዘላትና ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ሆስፒታል ድረስ ሮጠ።

አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር ተባለ።

ከሳምንት በኋላ ይዟት ሲመለስ ቤቱ አሁንም በለቀስተኛ የተሞላ ነበር። እሷን አልጋ ላይ አስተኝቶ በቀጥታ ማድ ቤት ገባ፤ ከሰል አያይዞ ድስት ጣደ። ሽማግሌዎቹ ተከትለውት በሩ ላይ ቆሙ።

«ጂሬኛ፣ ምን ነካህ? ወንድ ልጅ፣ ያውም ሐዘን ላይ ያለ፣ ማድ ቤት?»

«የሞተችውን ቀብሬያለሁ፤ ያለችውን አልቀብርም» አለና ሽንኩርቱን ከነልጣጩ መክተፍ ጀመረ። አያውቅበትም ነበር።

ኋላ ግን አወቀበት። ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ እየተመላለሰ ጠየቃት። ሜትሩን ከሱቅ አምጥቶ እንጀራውን ይለካና በልብስ መቀሱ ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። ፍሪጅ ሳይገዙ በፊት የመርፌውን መድኃኒት በሸክላ ገንቦ፣ እርጥብ አሸዋ መሐል ያስቀምጥ ነበር። ጎመኑን ሦስት ጊዜ ያጥባል። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋ ሳይታጠብ ሌላ ነገር አይነካም። ምሳ ስድስት ተኩል ነው፤ ደንበኛ ኖረም አልኖረም ሱቁ ይዘጋል። ለእሷ ብቻ የተለየ አልሠራም፤ እሷ የምትበላውን ራሱም ይበላል። «አንቺን የሚጠቅም እኔን አይገድለኝም» ይላታል። አዳዳ ሣራ ለበዓል ሲመጡ «ወንድሜ ሴት ሆኖ ቀረ» ብለው ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቅና አንድ ጭልፋ ይጨምርላቸዋል።

ከቀብሩ በማግሥቱ የምሳ ሰዓት ሲደርስ የእድሩን ማድ ቤት የምትመራው አዳነች አንድ ትልቅ ድስት ከድንኳኑ ጥግ ጎተተች። ትናንት ቀትር ላይ የመጣ የሥጋ ወጥ ነው። ፌኔት ከፍራሹ ተነሥታ ክዳኑን አነሣች።

«ይሄ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ነው የዋለው?»

«የት ላስቀምጠው? ፍሪጃችሁ አይችለው። አይዞሽ፣ እስኪንፈቀፈቅ አሞቀዋለሁ።»

«መሞቁ አይመልሰውም፣ አዳነች። ይደፋ።»

አዳዳ ሣራ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ። «ሰው አዝኖ ከቤቱ ያመጣውን? አባትሽ አፈር በለበሰ በማግሥቱ ሰው ልታስቀይሚ?»

«የመጣው ለአባቴ ክብር ነው። በአባቴ ድንኳን ሰው ታምሞ አይወጣም። ወጡን ያመጡትን እኔ ራሴ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ድስቱን በሁለት ጆሮው ያዘችው፤ ከበዳት። ያገዛት ሰው አልነበረም። ደረቷ ላይ አስደግፋ ነጠላዋን ወጥ እየነካው ወደ ጓሮ ስትጎትተው፣ ጫት ነጋዴው ጎረቤታቸው ታጁዲን ከወንዶቹ በኩል አካፋ ይዞ መጣ። ጉድጓድ ቆፈረ።

«ይጠሉኛል፣ ታጁዲን» አለችው፣ ድስቱ ሲገለበጥ።

«ይጥሉሽ። ጤነኛ ሆነው ይጥሉሽ» አላት፣ አፈሩን እየመለሰ።

የዚያን ቀን ለቀስተኛው ትኩስ ንፍሮ በላ። አዳዳ ሣራ ግን ንፍሮውንም አልቀመሱም። «ወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ እህል በአፌ አይዞርም» አሉና ሰዎች እንዳይለምኗቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከጸሎቱ በኋላ፣ አዳዳ ሣራ ስለ ሟቹ ሊናገሩ ተነሡ። «ጂሬኛ ታናሼ ነው» ብለው ጀመሩ። «በጀርባዬ ነው ያሳደግኩት…» ቆሙ። ያንኑ ደገሙት። ፌኔትን አይተው «ሮማነወርቅ፣ ጂሬኛ የት ሄደ?» አሉ። ሁለት ሴቶች መነፋረቅ ጀመሩ። «ሐዘኑ ነው! ውኃ አርከፍክፉባት!»

ፌኔት ግን ግንባራቸውን ነበር የምታየው። ብርዳም ጠዋት ላይ ላቡ ይንቆረቆራል፤ የነጠላቸውን ጫፍ የያዙት ጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። ያንን ላብ ታውቀዋለች። ስንቴ በገዛ ግንባሯ ላይ ወርዷል። ሰውን እየገፈተረች ደረሰችና ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

«አዳዳ! ይዩኝ። ኪኒን ይወስዳሉ?»

መልስ ሳትጠብቅ ኪሳቸው ውስጥ እጇን ሰደደች። በመሐረብ የተቋጠረ የኪኒን ላስቲክ ወጣ። የስኳር ኪኒን ነበር፤ ስሙን እንዳየች አወቀችው። ሁለት ቀን ሙሉ ኪኒናቸውን እየዋጡ እህል አልቀመሱም።

«ስኳር በውኃ በጥብጡ! ቶሎ!»

አዳነች እጇን ያዘቻት። «ስኳር ላለባት ሴት ስኳር? ልትገድያቸው ነው?»

«አሁን ደማቸው ውስጥ ያለቀው እሱ ነው። ልቀቂኝ!» ብርጭቆውን ራሷ በጠበጠችና ከንፈራቸው ላይ አስጠጋች። «መዋጥ ይችላሉ? ይዋጡ። ደግሞ። ደግሞ።»

ሩብ ሰዓት ያህል ፌኔት ላባቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ የአዳዳ ሣራ ዓይን ሰው አየ፤ ላቡ ቆመ። ፌኔት ግማሽ እንጀራ በሽሮ ይዛ መጣችና ፊታቸው አስቀመጠች።

«እዚህ? ሰው ፊት?» አሉ፣ በደከመ ድምፅ።

«እዚሁ። ሰው ፊት።»

ሁለት ሴቶች እያጉረመረሙ ወጡ። ፌኔት አልተመለከተቻቸውም። አዳዳ ሣራ መጀመሪያ በሁለት ጣት፣ ኋላ በሙሉ እጃቸው በሉ።

«ሁለት ዓመቴ ነው» አሉ፣ ሳህኑ ባዶ ሲሆን። «ለማንም አልተናገርኩም። ለጂሬኛም። በድስቱ ስስቅበት ኖሬ በምን አፌ እነግረዋለሁ? ባለፈው ፋሲካ ስመጣ ግን፣ እንጀራውን ቆርጦ ፊቴ ሲያስቀምጥልኝ፣ ዓይኔን አየኝ። የገባው መሰለኝ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።»

«እርስዎ እስኪነግሩት ይጠብቅ ነበር» አለች ፌኔት። «እኔንም እንደዚያ ነበር የሚያደርገኝ።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የልጅቷን ጉልበት ያዙ። ማታም እራት አብረው በሉ።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። አዳዳ ሣራ ቤታቸው ሊመለሱ ተሰናዱ። ፌኔት በጠዋት ተነሥታ ምስር ቀቀለች፤ የማሽላ ቂጣ ጋገረች፤ እስኪበርድ ጠብቃ በታጠበ ዕቃ ከደነችው። በባጃጅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻቸው። በሚኒባሱ መስኮት በኩል ዕቃውን አቀበለቻቸው።

«ስድስት ሰዓት ላይ ይብሉት። ዛሬውኑ ይለቅ፤ ለነገ አያሳድሩት።»

«እሺ።»

«ኪኒኑን ከምግብ ጋር እንጂ በባዶ ሆድ አይውሰዱ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ጂሬኛ!» አሉና ያሉት ሲገባቸው ዕቃውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ረዳቱ በሩን ዘጋ።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ሞተሩ ስለሚጮህ ድምፅ አይሰማም ነበር፤ ፌኔት በመስታወቱ ውስጥ እያዩዋት አምስት ጣቶቿን ሰብስባ ወደ አፏ ወሰደች፤ «ይብሉ» ማለቷ ነው። አዳዳ ሣራ ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናው የገለምሶን መንገድ ይዞ ከታጠፈ በኋላም እጇ እዚያው አፏ ላይ ነበር። ቀስ በቀስ ጣቶቿ ተከፈቱና አፏን ግጥም አድርገው ያዙት።